ሊጡ የማይቦካበት ቤት፦ ለግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለከተማችን ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በድንጋይ፣ በጭቃና በሳር ቤቶች ላይ የተጣለውን የጥገና እገዳ ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኛ በዚህች የወሎ ደጋ ከተማ ድንጋይ የምንክብ፣ ጭቃ የምንመርግና ሳር የምንከድን 17 ሰዎች ነን። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። የተጻፈው ለሁሉም ተነቦላቸው ተስማምተውበታል። እኔ ሥራውን ከአባቴ ተቀብዬ 31 ዓመት ሠርቻለሁ።

ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥተናል። ሁለቴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። በሦስተኛው «በጽሑፍ አቅርቡ» ተባልን። ይኸው አቀረብን። ነዋሪውም እንዲያነበው ብለን ግልጽ አደረግነው፤ ቤቱ የእሱ ነውና።

ባለፈው ጥር በርዎ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያሉ የጭቃ፣ የድንጋይ ካብና የሳር ቤቶች «ከደረጃ በታች» ናቸው ይላል። ባለቤቶቹ እስከ ሰኔ 30 ድረስ በብሎኬትና በቆርቆሮ እንዲተኩ ያዛል። እስከዚያ ምንም ዓይነት ጥገና አይፈቀድም። ይህ ነገር በቃል ሲነገረን ቆይቷል። አሁን ግን ማኅተም አረፈበት።

ቅሬታችንን አንድ በአንድ እንናገራለን።

የመጀመሪያው «ደረጃ» የሚለው ቃል ነው። ማስታወቂያው ቤቱን የሚመዝነው በተሠራበት ዕቃ ብቻ ነው። ብሎኬት ከሆነ ያልፋል፤ ጭቃ ከሆነ ይወድቃል። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዴት ያድራል ብሎ የጠየቀ የለም። ይበርዳል ወይ? ይሞቃል ወይ? ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው ይሰማማል ወይ? ቢሮዎ ቤት ከሚመዝንበት ቅጽ ላይ አንዱም የለም። ቅጹን አይተነዋል።

አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ልጃቸው ዐረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ ትልክላቸዋለች። የነበራቸው ቤት ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ከክንድ ይወፍራል፤ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ነው። አባቴ ነበር ያደሰላቸው። «ይህ ቤት መፍረሱ አይቀርም፣ ቀድመው ቢሠሩ ይሻላል» ሲባሉ አምና አፈረሱት። በልጃቸው ገንዘብ የ15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ተደረደረ፤ ቆርቆሮ ተመታ። ኮርኒስ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ። ጽሕፈት ቤትዎ አይቶ «ደረጃውን የጠበቀ» አለው።

አሁን እኚህ እናት ማታ ማታ የሚተኙት የት መሰለዎት? ጓሮ ካለችው የጭቃ ማድቤት ውስጥ። አዲሱ ቤት ውስጥ ሶፋው ብቻውን ያድራል።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ስለ ራሳቸው አላወሩኝም። ስለ ሊጣቸው ነው ያወሩኝ። «ድሮ በሦስተኛው ቀን ኩፍ ይልልኝ ነበር። እዚህ ቤት አምስት ቀንም አልቦካ ይላል። ቀን ያብጣል፣ ማታ ይተኛል» አሉ። ቅቤውም እንደዚያው ነው። እኩለ ቀን ላይ ይቀልጣል፣ ሲነጋ ድንጋይ ይሆናል። እኔ ቴርሞሜትር የለኝም። የእናቶች እርሾ ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ቤቱ ከበረደ ይናገራል።

የነገሩ ምክንያት ድብቅ አይደለም። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ይተፋል። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ወደ ውስጥ የሚሰጠው ማታ ነው። ማለትም ሰው በሚፈልገው ሰዓት። ስለዚህ ቀን አይወብቅም፤ የኅዳር ሌሊትም አያንዘፈዝፍም። ስስ ብሎኬት ደግሞ መሐሉ ባዶ ነው። ብዙ የሚይዘው ሙቀት የለውም። ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ ይሞቃል፣ ስትጠልቅ ቶሎ ይለቃል።

ጣሪያው ደግሞ ይብሳል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ትልቁን ትኩሳት የሚቀበለው ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። ሳር ሲከደን ውፍረቱ ከስንዝር ያልፋል፤ በመሐሉ የታመቀው አየር ሙቀትም ብርድም አያሳልፍም። ቆርቆሮ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ቀን ምጣድ ነው። ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ሲል ከውጪው አየር እንኳ ብሶ ይቀዘቅዛል። ያኔ የተኛው ሰው ትንፋሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆናል፣ ተመልሶ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። እኚህ እናት «ቤቱ ያፈሳል» ብለው አስጠርተውኝ ጣሪያውን በሙሉ አየሁት። አንድም ቀዳዳ የለውም። ራሳቸው ያወጡት ትንፋሽ ነው የሚያፈሰው።

ቅርጹም ቢሆን እንዲያው የመጣ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ግንባታ የሚማር ልጅ አለኝ። አንድ ቀን እሳት ዳር ቁጭ ብሎ አሰላልኝ። ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት ዙሪያው 19 ሜትር ገደማ ነው። እኩል ወለል ያለው አራት ማዕዘን ቤት ግን ከ21 ሜትር በላይ ግድግዳ ይፈልጋል። ስለዚህ ክቡ ቤት ለብርዱ የሚያጋልጠው ግድግዳ ያንሳል፤ ድንጋዩም ይቆጥባል። ነፋሱም ማዕዘን አጥቶ ዙሪያውን ታክኮ ያልፋል። ልጄ «አያቴ ይህን ያውቅ ነበር?» አለኝ። በቁጥር አያውቀውም። በድንጋይ ግን ያውቀዋል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ላሊበላ ቅርባችን ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዙሪያቸው ያሉትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ደረጃቸው በውጭ በኩል የሚወጣውን፣ ፈረንጅ ቆሞ ፎቶ ያነሳቸዋል። የተሠሩት እኛ በምንክብበት አካካብ ነው። ታዲያ እዚያ ቅርስ የሆነው እዚህ እንዴት ከደረጃ በታች ሆነ?

ሁለተኛው ቅሬታችን ፕላኑ ነው። ከቢሮዎ የሚሰጠው ናሙና ፕላን አንድ ዓይነት ነው። ያው ፕላን ቆላ ወርዶም አይቼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ሲጠፋ ቆላ ከተማ ወርጄ ለቀን ሥራ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት እንሠራ ነበር። ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለም፣ መስኮቶቹ በምሥራቅና በምዕራብ። ጠዋት ፀሐይ በአንዱ ትገባለች፣ ከሰዓት በሌላው። እኛ ሠራተኞቹ ምሳችንን የምንበላው ከግራር ሥር ነበር። ሕንጻው ሳያልቅ ነው እንግዲህ ልጆቹ ወደፊት የሚቀመጡበትን የሸሸነው። መስኮቱ በሰሜንና በደቡብ ቢሆን፣ ጣሪያው ትንሽ ወጣ ብሎ ታዛ ቢኖረው፣ ግማሹ ችግር በነጻ ይቀረፍ ነበር። ፎርማኑን አልኩት። «ፕላኑ የመጣው ከላይ ነው» አለኝ።

እኛም ከተማ አዲሱ መዋዕለ ሕጻናት ያው ነው። ዝናብ ሲጥል መምህሯ ማስተማር ታቆማለች። ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው በላይ መጮኽ አትችልም። ልጆቹ እስኪያባራ ጆሯቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

የዚህ አገር ሰው እንደየአየሩ ነበር የሚሠራው። አፋር በረሃ ውስጥ ሴቶቹ ከዘንባባ ሰሌን ቤት ይሸምናሉ። አየር በመሐሉ ያልፋል፤ ሲሄዱም ጠቅልለው ግመል ላይ ይጭኑታል። ትግራይ ውስጥ ህድሞ አለ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ አፈር የተጫነበት ጣሪያ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ቤቶቹ ተጠጋግተው ጠባብ መንገዱን ጥላ ያደርጉታል። ደጋው ዶርዜ ቤቱን በቀርከሃ ሸምኖ በእንሰት ልባስ ይከድነዋል። ምስጥ ከታች ሲበላው የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይሞትም። ሲፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ቦታ ይቀይርለታል። እነዚህን ሁሉ አንድ የብሎኬት ፕላን ይተካቸው ማለት ለአፋርም ለደጋ ሰውም አንድ ዓይነት ጋቢ እንደ ማደል ነው።

ሦስተኛ፣ ካሣ። ባለፈው ዓመት መንገዱ ሲሰፋ አንድ ጎረቤቴ ቤቱ ተነሣ። ግማሹ የድንጋይ ካብ ነበር፤ አያቱ የሠሩት። ገማቾቹ መጥተው ለኩ። የድንጋዩንም ግድግዳ «ጭቃ ቤት» ብለው መዘገቡት፤ ማያያዣው ጭቃ ነው ተብሎ። የደረሰው ገንዘብ ያንኑ ድንጋይ ከካባ አውጥቶ ለማስጫን አይበቃም። ቅር ያለኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አፍራሾቹ ግድግዳውን ለመናድ አንድ ሙሉ ቀን ነው የፈጀባቸው። በዶማ አልሆን ብሎ ማሽን ጠሩ። ከደረጃ በታች ለሆነ ግድግዳ ይህ ትንሽ አይበዛም?

አራተኛውን ስጽፈው ሳቅም ይመጣብኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሎጅ አለ። ክብ ጎጆ፣ ሳር ክዳን፣ ጭቃ ምርጊት። ከእኛ አምስታችን ሠርተንበታል። ክፍያው መልካም ነበር፤ አንዋሽም። ሲመረቅ ኃላፊዎች ተገኝተው «ባህላዊ ዕውቀታችን» እያሉ ንግግር አደረጉ። እንግዳ በዶላር ከፍሎ ያድርበታል። ታዲያ ያው ጎጆ የእንግዳ ሲሆን ባህል፣ የነዋሪ ሲሆን ኋላ ቀርነት የሚሆነው በየትኛው ደንብ ነው? አደባባዩ ላይ የቆመችው የሲሚንቶ ጎጆም አለች። እውነተኛዎቹን ልናፈርስ ሐውልት ሠራንላቸው።

ስለ እንጀራችን ረጅም አንጽፍም። ከ17ታችን ዘጠኙ ከጥር ወዲህ አንድ ቀን እንኳ በሙያቸው አልሠሩም።

አሁን ደግሞ ሐቁን በሁለቱም ወገን እንናገር። የጭቃ ቤት እንከን የለውም አንልም። እግሩ ውሃ ከነካው ይሟሟል። ምስጥ ይወደዋል። ሳር እሳት ይፈራል፤ ተጠጋግተው በተሠሩ ቤቶች መሐል ደግሞ አንዱ ሲነድ ሰፈሩን ይዞት ይሄዳል። ጭሱም አለ። ጭሱ ሳሩን ከምስጥና ከእርጥበት ይጠብቃል፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ግን ይፈጃል። እናቴ በጭስ ዓይኗ ሲያለቅስ ነው የኖረችው። ሰንበሌጥም እንደ ድሮው አይገኝም፤ ግጦሹ ታርሷል። ስለዚህ «ሁሉም ሳር ቤት ይግባ» አላልንም። ቆርቆሮ ይውጣም አላልንም። ቆርቆሮ ዝናብ ይመልሳል፤ ዕዳው ትኩሳቱና ብርዱ ነው።

መላ ግን አለው። ልጄ ስልኩ ላይ አንድ ትምህርት ቤት አሳየኝ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር፣ ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል የዚያው መንደር ልጅ የሠራው ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ግድግዳው የሸክላ አፈር ጡብ ነው፤ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ግን ቆርቆሮው ከክፍሉ ተለይቶ ወደ ላይ ከፍ ተደርጓል። ከሥሩ የሸክላ ኮርኒስ አለ። በመሐላቸው ነፋስ ይመላለሳል፣ ትኩሳቱን ይዞ ይወጣል። የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ይኸው ሰው በአርክቴክቸር ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ወሰደ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሽልማቱ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ቆርቆሮውን ከፍ ማድረጉ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር!

እኛም በአቅማችን ሞክረናል። ካቻምና ለአንድ የሠፈራችን መምህር ቤት ስንሠራ እግሩን እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ አወጣነው፤ ውሃ እንዳይነካው። ከዚያ በላይ ጭቃ፣ የጤፍ ጭድ በደንብ የገባበትና የቦካ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ የቀርከሃ ርብራብ አደረግንና በላዩ ጭድ ያለው ጭቃ መረግንበት። በሁለቱም ጫፍ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ተውን። ታዛውን አንድ ክንድ ተኩል አስረዘምነው። የምድጃው ጭስ በጭስ ማውጫ ይወጣል። መምህሩ ዝናብ ሲጥል ሬዲዮ ይሰማል። ሚስቱንም ስለ ሊጡ ጠይቀናታል፤ ተመስገን ብላለች። ይህ ቤት አሁን በማስታወቂያው መሠረት ከሚፈርሱት አንዱ ነው።

የተከበሩ ኃላፊ፣ የምንጠይቀው እንዲህ ነው።

በቅድሚያ የጥገና እገዳው ዛሬውኑ ይነሣ። የሚተካ ገንዘብ የሌለው ሰው ብሎኬትም አይሠራም፣ ጭቃውንም አያድስም። ክረምቱ ይገባል፣ ግድግዳው ይወርዳል። ከዚያ ቢሮዎ «ይኸው፣ ደካማ ነው ብለን ነበር» ይላል። ይህ ፍርድ አይሆንም።

ቤት የሚመዘነው በዕቃው ሳይሆን በሚሰጠው ኑሮ ይሁን። ባለሙያ ይምጣ፣ እግሩን ይይ፣ ታዛውን ይይ፣ ምስጡን፣ ጭስ መውጫውን፣ ለእሳት ያለውን ርቀት ይይ። ያላሟላ ይታዘዝ፤ ያሟላ ይለፍ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ራሱ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ትንሽ ጎጆና ትልቅ ፎቅ በአንድ ዓይን አይታዩም ማለት ነው።

ብሎኬትና ቆርቆሮ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ኮርኒስና ታዛ ግዴታ ይደረጉ። ናሙናው ፕላን ላይ ይጨመሩ። በርና መስኮት ወዴት እንደሚዞርም ይጻፍበት። ገንዘብ ላጠረው ሰው የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ እንኳ ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል። ጭድ ያለበት ጭቃ ቢሆን ደግሞ የተሻለ፤ እኛ እናሳያለን።

በድንጋይ የተካበ ግድግዳ በካሣ ግምት ላይ በስሙ ይመዝገብ። የፈረሰው ድንጋይም የባለቤቱ መሆኑ ይጻፍ። የጎረቤቴ ድንጋይ አሁን የመንገዱ ጠርዝ ሆኗል። በየቀኑ እየረገጠው ነው ወደ ገበያ የሚሄደው።

በመጨረሻም ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ አንድ የማሳያ ቤት እንሥራ። ጉልበቱ ከእኛ፣ በነጻ። ድንጋዩን ከካባ በደቦ እናወጣለን። ከጽሕፈት ቤትዎ የምንፈልገው ቦታውን፣ ቆርቆሮውንና አንድ መሐንዲስ ብቻ ነው። መሐንዲሱ እኛን ያርመን፤ እኛም የምናውቀውን እናሳየው። ቤቱ ሲያልቅ ከጎኑ አንድ የብሎኬት ክፍል ይቁም። ነዋሪው ሁለቱም ውስጥ አንድ የኅዳር ሌሊት ይደር። ሊጡንም ይዞ ይምጣ።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ነገር እናሳስባለን። ጥሩ ጭቃ ተቦክቶ፣ ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መተኛት አለበት። ከተመረገ በኋላም ዝናብ ሳይነካው መድረቅ አለበት። ስለዚህ መልሱ ግንቦት ከማለቁ በፊት ካልደረሰን ለዘንድሮ የሚጠቅም አይሆንም። አፈሩን ግን ከአሁኑ ቆፍረን ከወንዙ ዳር ከምረነዋል።

ከሰላምታ ጋር፣

በከተማችን የድንጋይ ካቢዎች፣ የጭቃ መራጊዎችና የሳር ከዳኞች ስም
ደብዳቤውን የጻፈው ድንጋይ ካቢ
ሚያዝያ